የአራስ ዶሮዎች

ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ «ልጅህ እዚያው ሐሙሲት ከተማ፣ ከአማቷ ዘንድ ብትወልድ ይሻላል» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ ወላጆች ቤት ነው፤ አለቀ። እርግጥ ባለቤቴ ያለምወርቅ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ታዲያ አባት ወላጅ አይደለም?

ልጄ ሕሊና ግን በስልክ፣ «አባዬ፣ አይቀየሙኝ፤ እርስዎ ቤት ማን ያርሰኛል?» አለችኝ።

«እኔ» አልኋት። ገንፎውን ጎረቤት ታገነፋለች፤ ዶሮው ከእኔ። ዐሥራ ሁለት ቄብ ገዛሁ።

እዚህ ደብረ ታቦር ሸለምጥማጥ መኖሩ ጠፍቶኝ አይደለም። የባሕር ዛፍ እንጨት አቁሜ የዶሮ ቤት ሠራሁ፤ ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክቼ መረግሁት፤ በሩን ቆለፍሁት። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ ማዕዘኑ ሁሉ ልክ ነበር። ጎረቤቴ ማሩ ጭዱን በመዳፉ አሽቶ፣ «መምህር፣ ይሄ በደንብ አልተወቃም፤ ፍሬ አለበት» አለኝ። «ለግድግዳ እንጂ ለእንጀራ ነው እንዴ?» ብዬ አፉን አስያዝሁት።

ዶሮዎቹ ከውስጥ ሆነው ጤፉን ሲለቅሙ ለካ ግድግዳዬን እየበሉት ኖሯል። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጥጉ ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ላባ በላባ ሆኗል። ሸለምጥማጥ ሰባቱን ፈጅቶ አምስት ትቶልኛል። እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ። ለዶሮ አልነበረም፤ ልጄ በሰው ቤት ልትወልድ ነው ብዬ ነው።

መዋሸት አልሆነልኝም፤ ደውዬ ነገርኋት። «ይሁን፣ አባዬ» ብላ ዘጋችው።

እልህ ያዘኝ። ምርጊቱን አፍርሼ ከማሩ ጋር እስከ ወገብ በድንጋይ ካብን። መሠረቱን ክንድ ያህል ወደ መሬት አስገብተን በሲሚንቶ አያያዝነው። ከዚያ በላይ፣ ጣሪያውንም ጭምር፣ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ ወጠርን፤ ጭልፊትም ቢመጣ አይገባም። ማሩ በጭዴ ሲስቅብኝ ዋለ፤ የታባቱ፣ ይሳቅ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ዶሮ አልጎደለችም፤ ይህንንም ለሕሊና ደውዬ ነገርኋት። ግን ለአምስት ዶሮ ብሎ ማን ሊወልድ ይመጣል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚኒባስ ደጄ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት የሕሊና አማት እትዬ እመቤቴ ናቸው፤ እግራቸው የታሰረ ስምንት ዶሮ አንጠልጥለዋል። ሰላምታውን ሳንጨርስ «የታለ የዶሮው ቤት?» አሉ። ሽቦውን ሳቡት። ካቡን በእግራቸው ገፉት። ጎንበስ ብለው ጥጋጥጉን አዩ። 

«የእኔንም ባለፈው ወር ሸለምጥማጥ ጨርሶብኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አፍሬ ለማንም አልተናገርሁ። እነዚህን ከገበያ ነው የገዛሁ። እዚሁ ትውለድ፣ መምህር፤ እኔም እዚሁ አርሳታለሁ።»

ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው አስገቡና በሩን ራሳቸው ቀረቀሩት።

ሕሊና ሆዷን ደግፋ ከኋላችን ቆማለች። «አባዬ፣ የእማዬ ክፍል ተጠርጓል?» አለችኝ።

ከጠረግሁት ወር አልፎታል። ሻንጣዋን ተቀብዬ ፊት ፊቷ ሄድሁ።