መከታ የሌለው ጎን

እና ሌባ ጣት የሌለው ሰው አር ዋንን በምኑ ሊጫናት ነው፣ በቀለበት ጣቱ፣ ይኸው በቀለበት ጣቱ እየተንጠራራባት ነው ወንድሜ ጣሰው፣ ጆይስቲኩን ተቀብሎ እጁ ላይ ያገላብጠዋል፣ የሰው ዕቃ እንደተዋሰ ሰው፣ ይሄን የሰይፍ ጨዋታ ለእኔ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ መተማ ውስጥ እንደ ጣሰው የሚመክት የለም ይባል ነበር። ይባል ነበር። አር ዋን፣ መመከቻዋ ቁልፍ፣ ከፊት በቀኝ በኩል ናት፣ በቀኝ እጅ ሌባ ጣት ነው የምትያዘው፣ የእሱ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ደግሞ አብርሃ ጅራ ቀርተዋል፣ ኅዳር ላይ የማሽላ መውቂያው ማሽን ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጎትቶ ወሰዳቸው፣ ፈልገው ፈልገው ገለባ ውስጥ አጧቸው።

ጥሩ።

ጥሩ ነው ያልኩት? አዎ፣ ጥሩ።

ሙቀቱ አይጣል ነው፣ የበሽር ጌም ቤት ጣሪያውም ቆርቆሮ ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ ሰኔ ገብቶ ደመናው ተንጠልጥሎ አልዘንብም ብሏል፣ ቬንትሌተሩ የአንዱን ላብ ለሌላው ያድላል። ከጎጃም ለእርሻ ሥራ የወረዱት ሳሉጎች አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ መሐል ላይ፣ በላስቲኩ ወንበር፣ ጋሽ ዘመነ፣ ጎንደር ላይ ቤት፣ ሽንፋ ላይ እርሻ ያላቸው ባለሀብት፣ የሰሊጥ መሬታቸው ከወንዙ ማዶ ይጀምርና ማለቂያውን ያየ የለም፣ የፒካፓቸው ጎማ ፊት ለፊት ጎሚስታው ጋ ይለጠፍላቸዋል፣ እሳቸው ጥላ ፍለጋ እዚህ ገቡ፣ ጥላ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ዘንድሮ ትራክተራቸውን ማን እንደሚነዳ ዛሬ ሊወስኑ ነው።

ትራክተሩን ሲነዳ የኖረው ጣሰው ነው። እኔ ረዳቱ፣ ግራሶ ቀቢው፣ ውኃ አመላላሹ፣ ከጎማው ሥር የማድረው፣ አንቱ ሲባል አጠገቡ ቆሜ አንተ የምባለው፣ ስምህ ማን ነው ሲሉኝ የጣሰው ወንድም የምለው። ዋለ የሚል ስም አለኝ እኮ።

ቅድም ጋሽ ዘመነ የጣሰውን እጅ አዩ፣ ሲጨብጡት ነው ያዩት፣ ሦስት ጣት ጨብጠው፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር ብለው፣ እስቲ ልጆች፣ ሁለታችሁ ተጫወቱልኝ፣ ትራክተርም እኮ የእጅ ነገር ነው፣ እጅ ልይ፣ አሉና ሳቁ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ሀብታም ሲስቅ የማይስቅ የለም። ጣሰውም ሳቀ። እኔ ዓይናቸውን አየሁ፣ ዓይናቸው አልሳቀም።

እማዬ ጠዋት፣ ጋሽ ዘመነ ዛሬ ሹፌር ሊመርጡ እንደሚመጡ ሰምታ፣ ከበር መልሳኛለች። ዋለ፣ ሰውየው ፊት ወንድምህን እንዳታዋርድብኝ፣ እሱ ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ ሰገነት ዛሬ ነገ የምትወልድ ሴት ናት፣ አንተ ገና ነህ፣ ተራህ ይደርሳል። እሺ እማዬ። ተራ፣ የምን ተራ፣ በዚህ በረሃ ተራ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም፣ ያልቀደመ እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ ግን እሺ አልኩ፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ጣሰው ዞሮ ያየኛል። አትራራልኝ እሺ፣ ይላል በዝግታ፣ ለእኔ ብቻ።

ቁልፎቹ ይቀየራሉ። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም፣ በሽር ራሱ የቤቱ ባለቤት አያውቅም። የበሽር እህት ሳሚያ ናት ያሳየችኝ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ሴቲንግ ውስጥ ገብታ፣ መመከቻዋን ከአር ዋን አንስታ ወደ ላይኛዋ፣ ወደ ሦስት ማዕዘኗ አዛወረቻት፣ እዚያ አውራ ጣት ነው የሚሠራው፣ የጣሰው አውራ ጣት ደግሞ ሙሉ ነው፣ ምንም አልሆነም። ቆይ ጣሴ፣ ላስተካክልልህ፣ ማለት እችላለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው ያለው፣ ይኸው ምላሴ ላይ። ዋጥኩት። እንደ ውኃ ነው የወረደልኝ።

ጀመርን።

እሱ መላጣውን ተዋጊ መረጠ፣ ሁሌም መላጣውን ነው፣ ረጅም ሰይፍ፣ ከባድ ምት። እኔ ባለ ካባውን፣ ፈጣኑን። ዙሪያውን እዞረዋለሁ፣ ዙረት፣ ዙረት፣ አንዲት ቀላል ምት ከላይ፣ ልመታው አይደለም ልጠይቀው ነው፣ ጣትህ ይደርሳል ወይ? አይደርስም፣ የቀለበት ጣቱ ስትደርስ ሰይፌ አልፏል፣ የዓይን ጥቅሻ ታህል ይዘገያል፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የዓይን ጥቅሻ ማለት ሞት ነው፣ ትከሻው ላይ ደም ብልጭ አለ። ይኸው መልሴ። ከዚያ በኋላ ከላይ ብቻ ነው የምመታው፣ ያው ቦታ፣ ያው ምት፣ ልጁን ፊደል እንደሚያስጠና መምህር፣ ከላይ፣ ከላይ፣ ከላይ፣ መላጣው ተንበረከከ።

ሳሉጎቹ ሳቁ። ምነው አቦ ትራክተር ሹፌሩ፣ አለ አንዱ። ጣሰውም ፈገግ አለ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ግን ተነሣች፣ ያቺን ሥር አውቃታለሁ።

እንዴት አላውቃት። ሲያስተምረኝ ራርቶልኝ ያውቃል? ልጅ ሆኜ ይደበድበኝ ነበር፣ በጨዋታው ውስጥም ከጨዋታው ውጭም፣ ትከሻህ ይናገራል አንተ ደደብ፣ ልትመታ ስትል ትከሻህ ቀድሞ ይናገራል፣ እያለ በጣቱ አንጓ አናቴን ኳ፣ በዚያችው በሌባ ጣቱ አንጓ፣ ሰው ፊት፣ ሴት ፊት። የጣሰው ጆንያ ይሉኝ ነበር። ጆንያ። ወድጄው ነበር ግን፣ ያሳፍራል፣ ኳ ሲያደርገኝ እንኳ ዞር ብሎ እንዲያየኝ እጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ዙር። አሁን መግደል እችላለሁ፣ አልገድልም። ሕይወቱ ክር እስኪያህል አወርደውና ወደ ኋላ እሸሻለሁ፣ እንዲነሣ እተወዋለሁ፣ ይነሣል፣ እንደገና እጥለዋለሁ፣ ይነሣል፣ ጋሽ ዘመነ ይዩ፣ ጥርት አርገው ይዩ፣ በፍጥነት ካለቀ ዕድል ነው ይባላል፣ ቀስ ካለ ግን እጅ ነው። ሳቁ ቀነሰ። ያ ዞል፣ ይላል በሽር ከበሩ በሱዳንኛ፣ አንተ ሰው፣ ጨርሰው እንጂ፣ ምን ያሰቃይሃል ሰውየውን። እኔ ግን ጆሮ የለኝም፣ እጅ ብቻ ነኝ፣ እንዲህ ንጹሕ ሆኜ አላውቅም፣ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም፣ ገና ዙሩ ሳያልቅ አንድ ነገር ተለወጠ።

መመከቱን ተወው።

ሞኝ አይደለም ጣሰው፣ መከታ ከሌለ እግር አለ ብሎ፣ መላጣውን ማንሸራተት ጀመረ፣ ግራ፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ሰይፌ አየር ይመታል፣ በባዶው ላይ ሳዘነብል ያ ረጅሙ ብረት ይመጣል፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ የሳሉጎቹ አግዳሚ ጮኸ፣ በርታ ጣሰው! በርታ! ዙሩን በላብኝ። አንድ ለአንድ። ጋሽ ዘመነ ወንበራቸውን ወደፊት ጎተቱ፣ ኧረግ፣ አሉ፣ ኧረግ ይሄ ሰውዬ። በሦስት ጣት። በሦስት ጣት ሊያሸንፈኝ ነው፣ እኔ አሥር ጣቴን ይዤ ረዳት ሆኜ ልቀር ነው፣ ልጁ ይወለዳል፣ ልጁም አድጎ የአባቴ ረዳት ይለኛል።

የመጨረሻው። ይንሸራተታል፣ እከተላለሁ፣ ሕይወቴ ግማሽ ሆነ፣ ከግማሽ በታች፣ አስብ ዋለ፣ አስብ፣ እሱ ምን ነበር የሚለው፣ እጅ ልማዱን አይረሳም፣ ሰው ሲደነግጥ ያሰበውን አያደርግም የለመደውን ነው የሚያደርገው፣ ይል ነበር፣ እንግዲያው ላስደንግጠው። ለመሸሽ ጊዜ የማይሰጥ ትልቁን ምት አነሣሁ፣ በሁለት እጅ፣ ከላይ፣ ሙሉ በሙሉ ተገልጬ፣ ወደ ግራ ቢንሸራተት ሞቻለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ትቼ እጁን አየሁ፣ እጁን ነው ያየሁት። ጉማጁ ተንቀሳቀሰ። የተቆረጠው ሥጋ፣ ያ የተድበለበለው ጫፍ፣ ወደፊት ዘለለና ጣት በነበረበት አየር ላይ ተጫነ። የሌለ ጣቱን ጠራው። አልመጣለትም።

ሰይፌ ወረደ።

ጣሰው ስክሪኑን አላየም፣ ጉማጁን እያየ ነው፣ ቀስ ብሎ በግራ እጁ ሸፈነው፣ ሴት ልጅ ጡቷን እንደምትሸፍን።

ጋሽ ዘመነ ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ። በል ዋለ፣ አሉ፣ ስሜን አሉ፣ ትራክተሩ ያንተ ነው፣ ጎማው ተለጥፎ ሲያልቅ እንሄዳለን፣ ልብስህን ያዝ። ጣሰው፣ አንተም አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል። ወጡ። እግዜር ያውቃል፣ ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ሲያልቅበት የሚላት።

ሳሚያ ከጓሮ መጣች፣ ሱቋን ዘግታ ለሰላት ገብታ ነበር፣ ሻሿን እያስተካከለች ስክሪኑን አየች፣ የጣሰውን እጅ አየች። አንተ፣ በዚህ እጅህ እንዴት በአር ዋን ትጫወታለህ፣ ቁልፉን ለምን አልቀየራችሁለትም? የምን ቁልፍ፣ አለ ጣሰው። ወደ ላይ ይዛወራል እኮ፣ ዋለ ያውቃል፣ አሳይቼዋለሁ፣ አልነገርከውም?

ምነው አፍሽን ቺንጋው በበላው።

ቬንትሌተሩ ይዞራል። ጣሰው አላየኝም። ቀይሪልኝ፣ አላት። ቀየረችለት፣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀባት። አንድ ጨዋታ፣ አለኝ፣ ተቀመጥ። ተቀመጥኩ፣ ለምን እንደተቀመጥኩ እንጃ፣ ሲያዘኝ መቀመጥ ለምጃለሁ። ከላይ መታሁ፣ መከተ፣ ከጎን መታሁ፣ መከተ፣ ግድግዳ ነው፣ ብረት ለብረት ሲጋጭ ያለው ድምፅ፣ ያ የድሮው ድምፅ፣ ትከሻዬ ይናገራል መሰለኝ፣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፣ መልሶ መታኝ፣ ጣለኝ፣ አልተጫወተብኝም፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ አልጠበቀኝም፣ ወዲያው ጨረሰኝ። ሁለት ዙር፣ ኻላስ፣ አለቀ። ያሰቃየኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ታውቅ ነበር? አለኝ።

አውቅ ነበር።

ለምን?

ትራክተሩን ፈለግሁት።

ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገባው ሰው። ብትለምነኝም አልሰጥህም ነበር፣ አለ። እውነቱን ነው። እኔም እውነቴን ነው፣ እንዲህ እውነት ተነጋግረን አናውቅም።

የፒካፑ ጥሩምባ። በሽር ቀድሞኝ ወጣ፣ ጋሽ ዘመነ፣ ጋሽ ዘመነ፣ ጣሰው አሸነፈው እኮ፣ ቁልፉ ሲቀየርለት ድባቅ መታው፣ እመኑኝ፣ እጁ ይሠራል! በሽርን ባንቀው፣ እዚሁ ባንቀው። ጋሽ ዘመነ ከመሪው ኋላ ሆነው አዳመጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ በእርጋታ፣ ልክ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው፣ ትራክተሩ ላይ ማን ነው ቁልፍ የሚቀይርለት? አሉ።

በሽር ወደ በሩ ተመለሰ።

ለምንጣሮ ግን ሰው ያንሰኛል፣ አሉ ጋሽ ዘመነ ደግሞ፣ ቁጥቋጦ ለመመንጠር ሦስት ጣትም መጥረቢያ ይይዛል፣ ጣሰው ከፈለገ ከሳሉጎቹ ጋር ከኋላ ይውጣ። ዋለ፣ አንተ ጠይቀው፣ ያንተ ሰው ነው የሚሆነው።

እንቢ በል። ወደ በሩ እየሄድኩ ይሄን ነው የምጸልየው፣ እንቢ በለኝ ጣሴ፣ ስደበኝ፣ ድንጋይ አንሣ፣ ወደ ሰገነት ግባ፣ ክረምቱን ሙሉ ከዓይኔ ራቅልኝ። ነገርኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት። ልጅ ሊወለድ ነው፣ አለ፣ ለእኔ አይመስለኝም ያለው፣ ለራሱ ነው። ከዚያ፣ እሺ፣ አለ፣ ከዚያም እየተረጋጋ፣ ሰው ፊት፣ ጆሮዬ እየሰማ፣ እሺ አለቃ።

አለቃ።

ሳሉጎቹ ጭነቱ ላይ ወጥተዋል፣ ጣሰው ጠርዙን ያዘ፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና ያዘ፣ አንዱ የጎጃም ልጅ ክንዱን ስቦ አወጣው፣ ና ወንድሜ፣ አለው፣ ወንድሜ፣ ከየት አባቱ ያመጣው ቃል ነው። እኔ ጋቢና ገባሁ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ በሕይወቴ ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም፣ ይሄ እኮ ነው የፈለግሁት፣ ይኸው፣ ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ ነፋሱ። ከኋላዬ ትንሽዬ መስታወት አለች፣ ከመስታወቷ ማዶ ደግሞ እሱ ተቀምጧል፣ ጀርባዬ ላይ ነው ያለው፣ ክረምቱን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ሊሆን ነው፣ ስነዳ፣ ስበላ፣ ሳዝዘው።

ምነው ዝም አልክ፣ ይሉኛል ጋሽ ዘመነ ማርሽ እያስገቡ፣ ደስ አላለህም እንዴ?

ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ።

አልዋሸሁም፣ ደስ ብሎኛል፣ አስፋልቱን ለቀን ወደ ሽንፋ ስንታጠፍ የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቱን መታችው፣ ሳሉጎቹ ከላይ ላስቲክ ዘርጉ ዘርጉ እያሉ ይጮኻሉ፣ የእሱን ድምፅ ከመሐል እፈልጋለሁ፣ የለም፣ ዝናቡ እየጠነከረ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ብቻ አንገቴ፣ ይሄ አንገቴ ወደ ኋላ አልዞር ብሏል።