አሥር እርምጃ

ኪዳነወልድ ከቡና መፈልፈያው ማሽን አሥር እርምጃ ራቀና በጫማው ተረከዝ ጭቃው ላይ መስመር አሰመረ። ከግራ ትከሻው ዝቅ ብላ፣ ከቆዳው ሥር፣ የክብሪት ሣጥን የምታህል የልብ ምት ማስተካከያ ከገባችለት ስምንት ወር ሆኗል። «እሷ የምትሠራው ልብዎን እያዳመጠች ነው» ብሎት ነበር ሐኪሙ። «የብየዳው ኤሌክትሪክ የልብዎ ምት ከመሰላት ሥራዋን ታቆማለች።» ሃያ ስድስት ዓመት የበየደ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ መበየጃ አልነካም።

የጨለለቅቱው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መፈልፈያ የሚሽከረከርበት ዘንግ የተሰበረው ረፋድ ላይ ነው። ገበሬው ያወረደው እሸት ቡና እስከ ማታ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ሌሎቹ በያጆች በአዝመራው ሥራ ተበትነዋል፤ ኃላፊዋ ሮማነወርቅ ስትደውልለት ኪዳነወልድ ከዲላ ወጣቱን በያጅ ይርጉን ይዞ መጣ። ይርጉ በርና መስኮት እንጂ የሚሽከረከር ነገር በይዶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ነው የሚያሠሩኝ?» አለ ይርጉ የብየዳ ጭምብሉን እያወረደ።

«ፊትህን አይቼ ምን ላደርግ? ብቻ ዘንጉን በር እንዳታደርግብን።»

ሠራተኞቹ ሳቁ።

ኪዳነወልድ ዓይኑን ጨፈነ። ሙያውን ማንም አላስተማረውም፤ በጆሮው ነው የለመደው። እሳቱ ተጫረ፤ ተንጣጣ፤ ተቆራረጠ።

«ራቅክ! ጠጋ በል!»

የእሳቱ ድምፅ ታፈነ።

«አሁን ደግሞ ተጣበቅክ። ፋቀውና እንደገና ጀምር።»

ሁለተኛው ሙከራም ከሸፈ። ሮማነወርቅ ወደ መስመሩ ቀረበች። «ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢይዙትስ?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ኪዳነወልድ ዞር ሲል አንድ እግሩን ከመስመሩ አልፎ አገኘው። እጁም ሳያዘው ተዘርግቷል። ቆመና ደረቱን አዳመጠ፤ ምቱ እኩል ነው። «ጌታዬ፣ ይቺን ዕድሜ የሰጠኸኝ ለዚህ አይደለም» አለ በልቡ፤ እግሩንም መለሰ።

«ይርጉ፣ ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲጠበስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ላጤ ነኝ እኮ ጋሼ! ከእኔ በላይ ማን ይሰማዋል?»

«በል እሱን አሰማኝ። እጅህን አታጣድፈው።»

እሳቱ ተጫረ። መጀመሪያ ተንጣጣ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ፣ ሞላ ብሎ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ከዳገቱ ሌላ እሸት የጫነ ሞተር ሳይክል እያጓራ ይወርዳል።

«እንዴት ነው ጋሼ?» ብሎ ጮኸ ይርጉ ከጭምብሉ ሥር።

«አታውራ፤ ሂድ» አለ ኪዳነወልድ ዓይኑን ሳይገልጥ። ባዶ ቀኝ እጁ በአየር ላይ፣ ከድምፁ እኩል፣ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር።