የጋሼ የቀረችው ኩላሊት

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መኪና ቀለም ቀቢ ነው። በጋራዡ ቀቢዎች ዘንድ የማይነቀል እምነት አለ፤ በአፍንጫ የገባ ቀለም በሽንት ይወጣል፣ ወተት ሲጠጡበት ደግሞ ጠራርጎ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጋሼ ሽንቱ ሲቀላ ሐኪም ቤት አልሄደም። ቀይ ሚኒባስ እየቀባ ስለነበር ወተቱን ጨመረ።

እኔ የደረስኩበት ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ሳይለቅ በወጣ ቀን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሚኒባሱ ቀለም ነዋ።»

«ሚኒባሱን ካስረከብክ ቆየህ እኮ። አሁን የያዝከው ነጭ መኪና ነው።»

ተመልሶ ገብቶ ውሃውን ለቀቀው። በማግስቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ጋሼ ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ነው። ሌላዋ እኔ ውስጥ ናት። የእኔዎቹ ከድተውኝ ከእጥበት ማሽን ጋር ተጣብቄ ስውል፣ ከጎኑ አውጥቶ የሰጠኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሜን ትቶ «ተከራዬ» ይለኛል።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ምስሉን በስክሪን አሳየችን። ካንሰሩ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ የውስጥ ሽፋን ላይ ነው የበቀለው። በሮቦት ነው የምትሠራው፤ እሷ ጥግ ተቀምጣ ትመራዋለች፣ ቀጫጭን ክንዶቹ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ይቆርጣሉ። የታመመው የቱቦው ታችኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ እሱን ቆርጣ የተረፈውን ከፊኛው ጋር ትሰፋዋለች፤ ኩላሊቷም ትተርፋለች። ሽፋኑ እስከ ላይ ተበላሽቶ ከተገኘ ግን ቱቦውም ኩላሊቷም አብረው ይወጣሉ። ከዚያ የሚቀረው እጥበት ነው።

«ሽፋኑን ብቻ ፍቆ እንደገና መቀባት አይቻልም?» አለ ጋሼ። «እኛ ዝገትን እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«ቢቻል እንዴት ደስ ባለኝ» አለች እየሳቀች።

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ዶክተር፣ የእሱን ከእኔ አውጥታችሁ መልሱለት» አልኳት።

ሳቋን ተወችው። «ካንሰር ላለበት ሰው ኩላሊት አንተክልም። መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ዓመታት መጠበቅ አለበት።»

«ደሞ አንተን ማን ልቀቅ አለህ?» አለኝ ጋሼ።

ቀኑ ደርሶ ሲያስገቡት ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የምናደድበት አላጣሁም። በቀለሙ ተናደድኩ፣ በወተቱ ተናደድኩ፣ አፍንጫውን በጨርቅ እንኳ ሳይሸፍን በኖረበት ጋራዥ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ፣ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብላ ሥራዋን በምትሠራው በዚያች ኩላሊት አፈርኩ።

ሐኪሟ ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ወጣች።

«የቆረጥነውን ጫፍ ላብራቶሪ አይቶልናል። ንጹሕ አይደለም። ከፍ ብለን ብንቆርጥም ያው ሆነ። እሱ አስቀድሞ፣ ‹እንዲያ ከሆነ ኩላሊቷንም አውጧት› ብሎናል።»

«ሮቦቱ እንዲህ ጎበዝ ነው ከተባለ ምናለ...»

«የእኔን እጅ ነው የሚያግዘው» አለች ቀስ ብላ። «ካንሰሩ የደረሰበትን ቦታ አይቀይረውም።»

ተመልሳ ገባች።

ጋሼ ሲነቃ ከንፈሩ ኩበት መስሏል።

«ተረፈች?» አለኝ በደከመ ድምፅ።

ልዋሸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አቃተኝ።

«ወጣች፣ ጋሼ።»

አንሶላውን ወደ ላይ ሳበ።

«እጥበቱ ያማል?»

ያኔ እኔ ስታጠብ፣ በጠየቀኝ ቁጥር እንዳይሳቀቅ ብዬ አያምም እለው ነበር። አሁንም ልማዴ ቀደመኝ።

«አያምም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሁህ?»

ሊስቅ ሲል ቁስሉ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ያዝኩት።

«ያማል» አልኩት።