የሜትሩ ጫፍ

በአሮጌው ቤት የጓሮ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ፣ የአባቴ ኮት ተሰቅሎ አየሁ።

ክው አልኩ። መጀመሪያ ኮት ከኮት ይመሳሰላል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ክርኑ ላይ የነበረውን ቀዳዳ በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔው ነኝ። የኮቱ ቀለም ክር ቤት ውስጥ ሳጣ፣ ማን ያየዋል ብዬ ባገኘሁት ሰፋሁት። አሁን እኔ ራሴ አየሁት።

ሥራዬ የሚፈርሱ አሮጌ ቤቶችን ከመፍረሳቸው በፊት ለክቶ መሳል ነው። እኔ እለካለሁ፣ ፎቶ አንሺው ያነሣል፣ ከዚያ ዶዘር ገብቶ ቤቱንም ዛፉንም ጠርጎ ይወስዳል። እራት ላይ ስለ ሥራዬ ሲነሣ «እኔ የለካሁት ነገር አይከርምም» እያልኩ እቀልዳለሁ። ባሌ ይስቃል፣ ልጄ ትስቃለች፣ አባቴም ይስቅ ነበር።

ይሄኛው የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር አሉ። ወራሾቹ በየአገሩ ተበታትነው ቤቱን ለሐረግ ለቀውለታል። ሐረጉ በመስኮት ገብቶ በጣሪያ ወጥቷል። ደረጃው መሃል ዛፍ በቅሏል። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንድ ባለሙያ የሳላቸው ወፎች ግን ገና ቀለማቸውን አልለቀቁም፤ ፎቶ አንሺው እነሱን ሲያነሣ አንገቱ እስኪጣመም አንጋጦ ዋለ። «ሚስቴን አምጥቼ ባሳያት ደስ ባለኝ። የእኛ ቤት ጣሪያ ያፈሳል እያለች ነፍሴን አውጥታዋለች» አለ። በገጀራ መንገድ እየከፈትን፣ እየተሳሳቅን፣ ክፍል በክፍል ወደ ጓሮ ዘለቅን።

ሌሎቹን በሮች በትከሻችን እየገፋን ነበር የከፈትናቸው። ይሄኛው በጣቴ ስነካው ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ማጠፊያው ዘይት ጠጥቷል።

ወለሉ ተወልውሏል። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። እግሩ የተሰበረ ወንበር በዱላ ተጠግኖ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ጥግ ላይ ከጣውላ የተመታ አልጋ አለ። ከራስጌው በላይ የልጄ የትምህርት ቤት ፎቶ ተለጥፏል።

«ሰው ይኖርበታል» አለ ፎቶ አንሺው ካሜራውን እያነሣ።

«አታንሣ።»

«ምነው?»

«አታንሣ አልኩህ!»

ዞር ብሎ ፊቴን ሲያይ ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

አባቴ ከእኛው ጋር የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ እጁ ቀለም የሚያስለቅቁበት አኳራጅ ይሸታል። ስጠይቀው «አንድ ጓደኛዬ ቤቱን እያሳደሰ ነው፣ ቀለም በማስለቀቅ አግዘዋለሁ» አለኝ። እሰይ፣ ጉልበቱ ተፍታታ ብዬ ደስ አለኝ። አለቃችን ደግሞ በቢሮ በኩል ሲንጨረጨር ነበር የሰነበተው። ይፈርሳል ተብሎ የዚህ ግቢ በር ላይ የተቀባውን ቀይ ምልክት አንድ ሰው እየመጣ ያጠፋዋል። «ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፣ እጁን መቁረጥ ነበር» ይላል። እኔም አብሬው ተራግሜያለሁ። ይሄ ሁሉ ኮቱ ፊት ቆሜ ባንዴ ተገጣጠመልኝ፤ ጎረምሳው አባቴ ነው።

የጓሮው በር ተከፈተና አባቴ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ ገባ። የደነገጥነው እኛ ነን፤ እሱ አልደነገጠም።

«እግራችሁን ጥረጉ፣ አሁን ነው የወለወልኩት» አለ።

«አባባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለው ፎቶ አንሺው።

«ክፍሌን አሰናዳለሁ።»

«አባቴ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ፎቶ አንሺው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና አንድም ቀልድ ሳይወረውር ወጣ። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ክፍል ነዋ። ልጅቷ አደገች። ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛች እስከ መቼ ታጠናለች? የእኔን ትያዝ።»

ደሜ ፈላ። «ማነው ውጣ ያለህ? ማነው የተናገረህ? ባሌ ነው?»

«ኧረ እሱ ምን በወጣው! ማንም አልተናገረኝም።»

«ታዲያ?»

ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ክፍሌን ስትለኪ አየሁሽ» አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የተኛ መስሎኝ በጫማዬ ጫፍ ገብቼ ከአልጋው እስከ ግድግዳው ያለውን ለካሁ። ለልጄ የማጥኛ ጠረጴዛ ላሠራላት አስቤ፣ አልጋው ጎን ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ለአናጢው ላሳየው ብዬ ጥጉን በስልኬ አነሣሁት። አልጋውን የመንካት ሐሳብ በሕልሜም አልነበረኝም። ለአባቴ ያልነገርኩት የሚነገር ነገር መሆኑ ስላልታየኝ ነው። እሱ ለካስ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሜትሩ ሲዘረጋና ሲጠቀለል ያይ ኖሯል።

«ለካሽ፣ ፎቶ አነሣሽ» አለ። «የምትለኪው ምን ምኑን እንደሆነ ደግሞ እራት ላይ ራስሽ ነግረሽናል።»

ተቆጥቶ ቢሆን በተሻለኝ። ስለ አየሩ ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ያን በዱላ የተጠገነ ወንበር ያዝኩ።

«ለጠረጴዛ ነው፣ አባዬ። እኔ ልሙት፣ ለጠረጴዛ ነው! አልጋህ ጎን ይገባ እንደሆነ ነው የለካሁት። ልኩ አናጢው ጋ ነው ያለው፣ ሄደህ ጠይቀው።»

ሐኪም ሲያጽናናው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም።

ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። ሜትሩን ይዤ ነው የገባሁት። ስኳር ስትሰርቅ እንደተያዘች ልጅ ወደ ኋላዬ ደበቅኩት፤ ግን አይቶታል። በሩ ላይ የቀረውን የካሜራ ቦርሳም አየ። ሲገባው እያየሁት ነበር፤ መጀመሪያ ግንባሩ ተኮማተረ፣ ቀጥሎ ትከሻው ወረደ።

«ይሄንንም ልትለኪው ነው የመጣሽው?»

«ሥራዬ ነው» አልኩ። ከአፌ የወጣውን ቃል መልሼ ልውጠው በወደድኩ። «እንደዚህ መሆኑን መች አወቅሁ፣ አባዬ? አንተ እዚህ መሆንህን መች አወቅሁ?»

የቀባውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ አየው። መስኮቱ ሥር ብሩሹ የሳተው ቦታ ነበር፤ እሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ እኔ መጣ። ከጀርባዬ ሜትሩን ፈልጎ ጫፉን ሳበ። እየጎተተ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዶ፣ ያን የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ ወረደና ጫፉን ጥጉ ላይ ተጫነው።

«ያዝኩልሽ» አለ። «ቁጥሩን አንብቢ።»

«ልቀቀው፣ አባዬ። ቤት እንሂድ። አልጋህ እኮ እዚያው ነው፣ ማንም አይነካውም!»

አልለቀቀም። ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታስቢ» አለኝ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ። «ከታች መንገድ ላይም አንድ ባዶ ቤት አይቻለሁ።»