አልቃሿ ልምምድ ላይ ናት

ባልደረቦቿ «አልቃሿ» ይሏታል። ሥራዋ በውጭ አገር ተከታታይ ፊልሞች ላይ በተዋናዮቹ ፋንታ በአማርኛ መናገር ሲሆን፣ ፊልሙ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። እናት ሆና ታለቅሳለች፣ ሚስት ሆና ታለቅሳለች፤ አንዴማ ለሞተ ፈረስ አልቅሳ የድምፅ ቀራጩን አስለቅሳዋለች። የሚስቅ ሰው ግን ሰጥተዋት አያውቁም፤ ይሄ ነገር ያበሽቃታል።

ያን ቀን ለቅሶው እምቢ አላት። የፊልሙ ጽሑፍ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተረጎም ቀርቷል፦ «ኪኒንግ» ይላል። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ ካስለቀሳት በኋላ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ይሄ ለቅሶ አይደለም፤ የጥርስ ሕመም ነው» አላት።

ተርጓሚው ጥፋቱ የራሱ ስለመሰለው ሊያስረዳት ወደ ጠባቧ የመቅረጫ ክፍል ገባ።

«ቃሉ ከአየርላንዶች የመጣ ነው። በነሱ ቋንቋ ማልቀስ ማለት ነው። ግን እንዲሁ ማልቀስ አይደለም፤ ሬሳው አጠገብ አንዷ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ የሟቹን ነገር እያነሱ ያዜማሉ። ጎበዝ አልቃሽ እንደውም ይከፈላታል።»

«እንደኔ በላ!»

«እንዳንቺ። እንግሊዞቹ ከወሰዱት በኋላ ግን ለነፋሱም ለውሻውም ኪኒንግ ይሉ ጀመር።»

«እኔ የቱን ላልቅስ? የሴቶቹን ነው የነፋሱን?»

«የሴቶቹን።»

«ታዲያ ተቀባይ የታለኝ? እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻዬን ቆልፋችሁብኝ!»

ዳይሬክተሩ ነገ ካልወጣላት ሌላ ሴት እንደሚያስገባ በግልጽ ነግሮ ሸኛት። ነገሩ አላስቀምጥ አላት። አውቶቡስ ውስጥ ሳታውቀው በአፍንጫዋ ስታላዝን አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ቦታ ቀየረ።

ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ ከልብ ሕመምተኛ እናቷ ጋር ትኖራለች። የምትለማመደው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ራሷን ካፖርቶቹ መሀል ቀብራ ነው። እዚያ ቤት የገባች ሰሞን ገና አንዴ ብታለቅስ ጎረቤት በሙሉ በሩን ሊገነጥለው ደርሶ ነበር። እፍረት ገደላት። በየበሩ ዞራ፣ «ለቅሶ ስትሰሙ አትምጡ፤ ሥራዬ ነው» ብላ ለመነቻቸው። ጎረቤትም ለመደ። «አልቃሿ ልምምድ ላይ ናት» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አሏት እናቷ ከአልጋው ላይ።

«ማንም ይሙት፣ አልወጣልኝም እማዬ።»

«እስቲ አልቅሺና ልስማሽ።»

ገብታ አለቀሰች። ብቅ ብላ «እንዴት ነው?» ስትል እናቷ ዝም አሉ። አልወደዱትም ማለት ነው ብላ ተመልሳ ገባች። አሁን ሆዷን ይዛ፣ ድምፅዋን ከታች አንስታ አለቀሰች፤ ለራሷም ደስ አላት። እየሳቀች ወጣች። የእናቷ እጅ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ዓይናቸው ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል።

የወጣውን ድምፅ እሷም አላወቀችውም። ደረታቸውን እየነቀነቀች፣ እየጠራቻቸው ጮኸች። ማንም አልመጣም። ከታች ፎቅ አንድ ሰው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ የጎረቤቷን የልብስ ሰፊዋን በር በሁለት እጇ ደበደበች።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተችና ፈገግ አለች።

«ውይ አንቺ! ዛሬስ አንጀቴን በላሽው። ይሄንንም ካልተቀበሉሽ ጆሮ የላቸውም በያቸው!»

አልቃሿ ልትናገር አፏን ስትከፍት ለቅሶ ብቻ ወጣ። ሴትዮዋ ጭራሽ አጨበጨበችላት።

እያለቀሰች ማንም እንደማያምናት ያኔ ገባት። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ሳጓን ዋጠች፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብላ፣ «እትዬ፣ እማዬ ሞተችብኝ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ራሷን ይዛ ጮኸች፤ የተሰነጠቀ፣ ልምድ የሌለው ጩኸት ነበር። ከላይ እስከ ታች በር ሁሉ ተበረገደ። ሰው ደረጃውን እየተጋፋ ሮጠ፣ «ምን ሆነች? ልብስ ሰፊዋ ምን ሆነች?» እያለ።