የአናጢው ሾርባ

እስቲ ቀረብ በሉ፣ ልጆቼ። ያቺን ወንበር ወደዚህ ሳብ አድርጓት፤ አንተም ከበሩ አጠገብ የተቀመጥከው፣ ብርድ እንዳይመታህ ወደ ውስጥ ግባ። የማወራችሁ ስለ አንድ ድስት የቲማቲም ሾርባ ነው። ለአንድ ድስት ሾርባ ይህ ሁሉ ተቀመጡ ምንድን ነው እንዳትሉኝ፤ በዚያ ድስት ውስጥ የአንድ ሰው ነፍስ ነበረች።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሠራች። በቀን ለሦስት መቶ ልጅ ምሳ ታወጣ ነበር። ቲማቲም በሣጥን፣ ጨው በጭብጧ እየለካች ነው ያረጀችው። ጡረታ ከወጣች በኋላም እጇ ትንሽ ነገር መሥራት አልለምድ አለ፤ ለሁለት ሰው ስታበስል ለአሥር ይተርፋል። ሰፈሩ «ሼፏ» ይላታል። ስትሰማ የምትቆጣ ትመስላለች እንጂ፣ ሳይጠሯት የዋሉ ቀን ፊቷ ይጠቁራል።

ባሏ አናጢ ነበር። እሱ የገጠመው በር ሲከፈት ሲጢጥ አይልም፣ ሲዘጋ አይንገጫገጭም። ቀጥ ያለ ነገር ስለሚወድ ጓደኞቹ «ውሃልክ» ብለው ሰየሙት፤ የተንጋደደ ሥዕል ካየ፣ የሰው ሳሎንም ይሁን የሐኪም ቢሮ፣ ሳያስተካክል አይቀመጥም። ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው የቀረው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉ፣ ቃላቱም ተደበላለቁበት።

የቃላቱን ነገር ልንገራችሁ። ሊል የፈለገውን ያውቃል፤ አፉ ላይ የሚመጣለት ግን የሙያው ነገር ብቻ ሆነ። ማንኪያ ሲፈልግ «መዶሻ» ይላል። ብርድ ልብሱ «ጣውላ» ነው። ልጁን «ማጠፊያ» ብሎ ይጠራታል፣ ሚስቱን ደግሞ «ኮላ»። ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራው ቀለም ቀቢ ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ኮላስ እውነቱን ነው» አለ። «ይህቺ ሴትዮ አንዴ ከያዘች መች ትለቅና።»

አናጢውም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ያን ቀን ቤቱ ትንሽ ቀለል አለው።

ያልቀለለው መብላቱ ነበር። ሆስፒታል ሳለ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብተውለት ነበር፤ ደህና በነበረው ግራ እጁ ሁለት ጊዜ ነቅሎ ጣለው። በሦስተኛው ያንን እጁን ከአልጋው ብረት ጋር በጨርቅ አሰሩበት። ሚስቱ ስትገባ ቀኙ የሞተ፣ ግራው የታሰረ፤ ዕድሜ ልኩን እጁ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ተኝቷል። ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ «ሁለተኛ አያስሩህም። እኔ በእጄ አበላሃለሁ» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እሺ ማለቱ ነበር።

ወደ ቤት ሲመልሱት ሐኪሙ ለእናትና ለልጅ አስረዳቸው። የሚበላው ወፈር ያለና ለስላሳ ይሁን፣ ጉሮሮው ላይ የሚይዝ ነገር አይኑርበት። ክብደቱ ከዚህ ከወረደ ግን የዛሬ ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ይመለስና ቱቦው ይገባል። ሼፏ ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ ለስላሳ ምግብ ምን እንደሆነ ሊነገራት!

አርብ ማለዳ ድስቷን ጣደች። ሽንኩርት አድቅቃ በዘይት አበሰለች፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፣ ካሮትና ድንች ከተፈችበት፣ ቲማቲሙን አጥባ ከነልጣጩ እየቆራረጠች ለቀቀችው። እሷ በሠራችበት ወጥ ቤት ቲማቲም የሚልጥ ሰው አልነበረም፤ ለሦስት መቶ ልጅ ማን ልጦ ይዘልቀዋል? አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረች ረዳት ስትልጥ አግኝታ፣ «ለሙሽራ ነው እንዴ የምትሠሪው?» ብላ ወጥ ቤቱን ሁሉ አስቃባታለች። ሾርባው ሁለት ሰዓት ተንተከተከ፣ በእንጨት ማማሰያ ተፈጨ፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ወረደ።

አናጢው የመጀመሪያውን ማንኪያ ተቀበለ። አፉ ውስጥ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ትን አለው፣ ፎጣው ላይ ተፋው። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ላጊው» አላት።

«ምኑን ነው የምልገው?»

«ላጊው፣ ላጊው» እያለ ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ገፋው፣ እንጨት የሚያለሰልስበትን መላጊያ እንደያዘ ሰው።

ዞር ስትል በክፍቱ በር ኮሪደሩ ታያት። ከመታመሙ በፊት ለልጁ መደርደሪያ ሊሠራ የጀመረው ቀይ ሳንቃ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ግማሹ ተልጓል፣ ግማሹ እንደ ሻከረ ነው። አይ የሱ ነገር፣ ሥራው ነው ያሳሰበው አለች በሆዷ። «እሺ፣ ስትድን አንተው ትልገዋለህ» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅዳሜም እንደዚያው። ይቀምሳል፣ ያስለዋል፣ ይተፋል፣ «ላጊው» ይላል። እርጎ ሲሰጡት ሁለት ማንኪያ ወስዶ አፉን ይገጥማል፤ ድሮም አይወደውም።

እሁድ ልጃቸው መጣች። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ማስተናገድ የለመደች፣ ወሬ የማታበዛ። ከቦርሳዋ የታሸገ የሾርባ ዱቄት አወጣች፣ በሙቅ ውሃ በጠበጠችው፣ ወፈር እስኪል አማሰለችው፣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስድስት ማንኪያ ዋጠላት። አንድም ሳል አልሳለም።

እናትየዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ሃያ ስድስት ዓመት የሦስት መቶ ልጅ ሆድ የሞላ እጅ በወረቀት ከረጢት ሲበለጥ! ልጅቱ ለሳምንቱ ብላ ሦስት ከረጢት ትታ ሄደች። ሴትዮዋ ሦስቱንም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻቸው፤ ላያቸው ላይ የድንች ልጣጭ ደፋችባቸው። ሰኞ ልጅቱ ስልክ ደውላ ስትጠይቅ፣ ያንቺኛው አልተስማማውም፣ ሆዱን ነፋው አለቻት። ይህን ስትል ምላሷ አልተያዘም። በኋላ ያስደነገጣት እሱ ነው።

ማክሰኞ አናጢው ጉንጩ ጎድጎድ ብሎ ነበር። «ላጊው»ን አሁን በሹክሹክታ ነው የሚላት። ጨነቃትና ቀለም ቀቢውን አስጠራችው። የወዳጅህ ልብ እዚያ ሳንቃ ላይ ቀርቷል፣ እባክህ ላግለትና ይረፍ አለችው። ሰውዬው ሙያው ባይሆንም ጃኬቱን አውልቆ፣ ሳንቃውን በሽተኛው እያየው በሁለት ወንበር ላይ አጋድሞ መላግ ጀመረ።

«እንግዲህ ከጠመመ አትሳቅብኝ» አለው። «ውሃልክ የሚሉት አንተን ነው፣ እኔን አይደለም።»

አናጢው ትንሽ አየው። ቀጥሎ ሚስቱን አያት፤ ረጅም አስተያየት ነው ያያት። ዓይኑ ዳር ላይ እንባ መጣና ቁልቁል ወረደ። ሁለቱም የደስታ መሰላቸው። ቀለም ቀቢው ሲሄድ ሼፏ ከወለሉ ላይ ቀይ፣ ስስ፣ ጥቅልል የእንጨት ፍቅፋቂውን ጠረገች።

ረቡዕ ከሰዓት ልጅቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አባቷን ስታይ ከበሩ አላለፈችም። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ አለች፤ ቱቦው ይግባ። እናትየዋ ያስሩታል አለች። ልጅቱ ይሰሩት አለች፣ ከሚሞት ይሰሩት። እናትየዋ አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ ብላ ለመነች፤ ሌላ ሾርባ እሠራለሁ፣ አሳንሼ፣ አቅጥኜ። ያኔ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እማዬ፣ አባዬን የምታበይው ሾርባ ነው ወይስ እልህሽን?» አለቻትና ወጣች።

ሴትዮዋ የተተፋበትን ፎጣ አንስታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ውሃ ስትለቅበት ቀዩ ፈሳሽ ታጥቦ ወረደ። ካሮቱም የለም፣ ድንቹም የለም፤ ፎጣው ላይ የቀሩት የቲማቲም ልጣጮች ብቻ ነበሩ። ቀይ፣ ስስ፣ ዳርና ዳራቸው የተጠቀለለ። አንዱን በጣቷ አነሳችው። ትናንት ከወለሉ የጠረገችውን የእንጨት ፍቅፋቂ ቁርጥ ይመስላል።

በቁሟ ደረቀች። ላጊው።

ሰውዬው ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ሾርባው ነበር የነገራት። ልጣጩን አንሺልኝ፣ ጉሮሮዬን እየያዘኝ ነው፣ ያንቀኛል እያላት ነበር። እሷ ደግሞ ሳንቃ አስላገችለት። እሁድ ያ ዱቄት ለምን እንደወረደለትም አሁን ገባት፤ ልጣጭ አልነበረበትም። የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

ግን ቁጭ ብሎ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረም። አሥራ ሁለት ቲማቲም መረጠች፣ ለስለስ ያሉትን፣ ደህና የበሰሉትን። ቂጣቸው ላይ በቢላ ጫፍ የመስቀል ምልክት አደረገችባቸውና የፈላ ውሃ ውስጥ ለቀቀቻቸው። ቆዳቸው ሲሰነጠቅ አውጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው። ልጣጩ እንደ እርጥብ ሸሚዝ ወለቀ። አንድ በአንድ ገፈፈቻቸው፤ ያቺ የሳቀችባት ረዳት ትዝ አለቻትና ብቻዋን ፊቷ ቀላ። ሽንኩርቱን ሳይጠቁር አበሰለች፣ አንዲት ድንች ለውፍረቱ ጨመረች፣ ቲማቲሙን ቀስ ብላ አፈላችው። ሲበስል በጥቅጥቁ ወንፊት ላይ ገልብጣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነች አሳለፈችው። ፍሬው ሁሉ ከላይ ቀረ። የቀረውን አይታ አልበቃትም፤ ሁለተኛ አሳለፈችው። ከዚያ ትንሽ በምላሷ ወስዳ ከላንቃዋ ጋር አሸችው፣ እሱ የላገውን እንጨት በመዳፉ እየዳበሰ እንደሚፈትሽ። የሚሻክር ነገር አልነበረም። ድስቱ ሲታይ ግን የሁለት ስኒ ያህል ብቻ ነው። በሕይወቷ ይህን ያህል ትንሽ ነገር አብስላ አታውቅም።

ትራሱን ከፍ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «ልጌዋለሁ» አለችው። «ይቅር በለኝ፣ አሁን ገና ሰማሁህ።»

የማንኪያውን ጫፍ ተቀበለ። ያዘው። ዋጠው። ሁለተኛውንም ዋጠ። በአምስተኛው ግራ መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ጊዜ ቀስ አድርጎ አሳለፈና አሳረፈው። እንባዋ ሾርባው ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ዞር አደረገች። በአሥራ አንደኛው ደከመውና ዓይኑ ተከደነ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት መኪናው በር ላይ ቆመ። ልጅቱ ስትገባ አባቷ ከስኒው እየበላ ነው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ ስምንት ማንኪያ ቆጠረች። ወጥታ ሐኪሙን በስልክ አናገረችው። እንዲህ ከበላ እስከ ሰኞ እንይ፣ ሰኞ ግን ክብደቱን መዝነን እንወስናለን አላት። ሹፌሩን አሰናብታ ተመለሰች።

ምን አግኝተሽ ነው የዋጠልሽ ብላ ጠየቀች። እናትየዋ የልጣጩን ነገር፣ የ«ላጊው»ን ነገር ነገረቻት። እዚያ ላይ ብታቆም ማንም የሚያውቅባት አልነበረም። ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አስቀመጠች።

«እሁድ ያመጣሽውን ሾርባ የጣልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሆዱን አልነፋውም። ዋሽቼሽ ነው።»

ልጅቱ የአባቷን የእጅ አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ጣቶቿ ገጠሙ፣ ትርፍም ሆኑ።

«ሦስት ቀን» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እየራበው።»

እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ልጅቱ ቦርሳዋን አውርዳ ወለሉ ላይ አኖረችና ስኒውን ከእናቷ እጅ ወሰደች።

«ከነገ ጀምሮ ቲማቲሙን የምልጠው እኔ ነኝ። አንቺ አጠገቤ ተቀመጪ፣ ግን ድስቱን አትንኪ።»

ይህ ይቅርታ ይሁን ቅጣት ሴትዮዋ አላወቀችም። አልጠየቀችምም። እሺ አለች፤ ለልጅዋ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ እሺ ሳትሆን አትቀርም።

በዚህ መሀል አናጢው ዓይኑን ገልጦ፣ «ሚስማር» አለ። ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም እሺ ብሎ አላለፈውም። ልጅቱ ውሃውን አሳየችው፤ አይደለም። እናትየዋ ትራሱን አነሳችለት፤ አይደለም። መስኮቱን ከፈቱ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ካልሲውን አወለቁለት። እናትና ልጅ እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ፣ አልጋው ግራና ቀኝ ተንበርክከው፣ ያቺን አንዲት ቃል ሲፈልጉ ረፈደ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፣ ልጆቼ። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ የደከመው ሰው አጠገባችሁ ተኝቶ ግራ የሚያጋባ ቃል ቢላችሁ፣ እባካችሁ፣ ያቺን የመታጠቢያ ጠርዝ ይዛ የቆመችውን ሴት አስታውሷት።