ከካርቶኑ ጎን የተጻፈው

ዳቦ ጋጋሪዋ ካርቶኑን ከእህቷ ዳቦ ቤት የቆሻሻ በርሜል መዝዛ ስታወጣ የተረፈው ማርጋሪን ጣቶቿን ቀባት። ግድ አልሰጣትም። እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበችና ብቻዋን ሳቀች። ሦስት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ነበር።

ጉዷን ያመጣባት የገዛ ቅንነቷ ነው። በዚያ መንገድ ካሉት ዳቦ ቤቶች ውስጥ ዳቦው ከምን ከምን እንደተሠራ ላስቲኩ ላይ የምታትም እሷ ብቻ ነበረች፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ የአኩሪ አተር ሌሲቲን። ሌሲቲኑ ማር የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ዳቦው ለስላሳ ሆኖ እንዲሰነብት ሊጡ ላይ ጥቂት ጠብ ታደርግበታለች። ታላቅ እህቷ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት በከፈተች ማግስት ያንን ላስቲክ ለደንበኛ ሁሉ እያሳየች፣ "ሌሲቲን የሚባል መርዝ ነው የምታበላችሁ" ማለት ጀመረች። የእናት ልጅ የመሰከረችውን ማን ይጠራጠራል? ሰዉ ሸሸ። በየጠዋቱ ሁለት መቶ ዳቦ ይወስድ የነበረው መዋዕለ ሕፃናት ሳይቀር ማዶ ተሻገረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ካሏት ሁለት ምድጃዎች አንዱን አጠፋች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብላ ቂሟን በሆዷ ያዘች።

ትናንት ማዶ ዕቃ ሲራገፍ የማርጋሪኑን ካርቶን አወቀችው። ድሮ እሷም ትገዛው ነበር።

አሁን ካርቶኑን ይዛ ወደ እህቷ ዳቦ ቤት ስትገባ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ዳቦዋን በከረጢት እያስሞላች ነበር። ከኋላዋ አራት አምስት ሰው ተሰልፏል።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለች ታላቅየዋ።

"ይሄ ያንቺ ነው፣ እትዬ?" ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

"ደግሞ ቆሻሻዬን መፈተሽ ጀመርሽ?"

"ያንቺ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።"

"የእኔ ነው። ማርጋሪን ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ?"

ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። "እርስዎ እኔን የተዉኝ በሌሲቲኑ ምክንያት ነው አይደል?"

"መርዝ ነው ስለተባልኩ ነዋ። ደግሞም አኩሪ አተር የማይስማማት ልጅ አለችን፤ ከቀመሰች ፊቷ ያብጣል። ያንቺ ላስቲክ ላይ ስለተጻፈ ለእሷ ሌላ ነበር የምንሰጣት። እህትሽ ግን የእኔ ንጹሕ ነው ስላለችኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር ልትበላ ነው።"

የታላቅየዋ ፊት ተለዋወጠ። በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለችና፣ "የእናቴ ልጅ፣ ወደ ጓዳ ግቢና እንነጋገር፤ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አለች በሹክሹክታ።

የዳቦ ጋጋሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

"ምንድን ነው የተጻፈበት?" ዳይሬክተሯ ከረጢቱን አስቀመጠች። "ሌሲቲን እውነት መርዝ ነው?"

አዎ ብትል በቃ፣ የእህቷም ምድጃ ዛሬውኑ ይጠፋል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን የራሷን ምድጃ ያጠፋውም ይኸው ቃል ነው፤ እህቷ የጋገረችውን ውሸት ደግማ ማሞቅ አስጠላት።

"መርዝስ አይደለም" አለች። "የእንቁላል አስኳል ውስጥም አለ። ዳቦ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፤ ብዙውን ሰው ምንም አያደርገውም። ግን ከአኩሪ አተር ሲወጣ ርዝራዡ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አኩሪ አተር የማይስማማው ሰው ሊነገረው ይገባል። እኔ የጻፍኩት ለዚህ ነበር።"

"እና እዚህኛው ውስጥ አለ?"

ዳቦ ጋጋሪዋ ካርቶኑን ወደ እህቷ አዞረችና ማርጋሪን የነካውን ጣቷን ከደቃቁ ጽሑፍ ሥር አሳረፈች።

"አንብቢላት፣ እትዬ።"

"መነጽሬን አልያዝኩም።"

"አንገትሽ ላይ ነው።"

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ታላቅየዋ መነጽሯን አደረገች። "የዘንባባ ዘይት... ውሃ... ጨው..." ብላ ቆመች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በልጅነታቸው እናታቸው ልትቆጣት ስትል ታናሿን የምታየው እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ታናሺቱ ሁልጊዜ ጥፋቱን በራሷ ላይ ትወስድላት ነበር።

"ቀጥይ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ጣቷን አላነሳችም። "ጮክ ብለሽ። የእኔን ላስቲክ ስታነቢ ድምፅሽ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር።"